ቆርቆሮና ስስ ብረት ለመቁረጥ የሚያገለግል የኤሌክትሪክ መጋዝ አመራረጥ

በገበሬ ቤት ቆርቆሮ የማይገባበት ሥራ የለም። የቤት ክዳን፣ የዝናብ ውኃ የሚሰበሰብበት አሸንዳ፣ የዘመናዊ ቀፎ መክደኛ፣ የዶሮ ቤት፣ እህል የሚቀመጥበት የብረት ጎተራ፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው ከስስ ብረት ነው። ቀድሞ ሥራው መቀስና መዶሻ ለያዘ ባለሙያ የተተወ ነበር። ዛሬ ግን መብራት የገባላቸው መንደሮች በዝተዋል፤ በባትሪ የሚሠሩ መሣሪያዎችም በገበያ ይገኛሉ። ስለዚህ ብዙ ገበሬዎችና በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች የኤሌክትሪክ መጋዝ ለመግዛት ያስባሉ። ወደ ሱቅም ሲሄዱ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት «የትኛው ይበረታል?» ብለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለወፍራም ብረት ተገቢ ሊሆን ይችላል። ለስስ ብረት ግን መጠየቅ የሚገባው «ሳያቃጥልና ሳይቦጭቅ የሚቆርጠው የትኛው ነው?» ተብሎ ነው። ስስ ብረት ብዙ ኃይል አይፈልግም፤ በመቀስ እንኳ ይቆረጣል። የሚፈልገው ደቃቅ ጥርስና የማያግል አቆራረጥ ነው። ይህን ሳይረዳ መሣሪያ የገዛ ሰው ገንዘቡን፣ ቆርቆሮውን፣ አንዳንድ ጊዜም ዓይኑን ያጣል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች ለየሥራው የሚስማማውን መሣሪያ ለይተው እንዲያውቁ ነው።

ስስ ብረት ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዚህ ጽሑፍ ስስ ብረት የምንለው ውፍረቱ ከ2 ሚሊሜትር ያልበለጠውን ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ በገበያ የሚሸጠው በጌጅ ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል። 28 ጌጅ የሚባለው 0.4 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ 32 ጌጅ የሚባለው ከ0.3 ሚሊሜትር በታች ነው። ለብረት ጎተራ የሚመረጠው ለጥ ያለ ላሜራ ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው። ለበርና ለመስኮት የምንጠቀምበት ቱቦላሬ ከዚህ ይወፍራል፤ ቢሆንም ግድግዳው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ስለ ሆነ እርሱም ከስስ ብረት ይቆጠራል።

የመጋዝ ጥርስ ጉዳይ

መጋዝ በደንብ የሚቆርጠው በማንኛውም ጊዜ ቢያንስ ሦስት ጥርሶች ብረቱን ሲነኩ ነው። ከዚያ ያነሱ እንደ ሆነ ብረቱ በሁለት ጥርሶች መካከል ይገባና ጥርሱ እንደ መንጠቆ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ላሜራው ይርገፈገፋል፤ ጠርዙ ይቦጨቃል፤ የመጋዙም ጥርስ ይረግፋል።

ይህን በቁጥር እንመልከት። ለእንጨት የተሠራ መጋዝ ጥርሶቹ በጣም የተራራቁ ናቸው። በእጅ የሚሠራው ሴጌቶ ግን ደቃቁ ምላጭ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 32 ጥርስ አለው፤ ይህም ማለት ከጥርስ እስከ ጥርስ 0.8 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሦስት ጥርስ አንድ ላይ እንዲነካ ብረቱ 2 ሚሊሜትር ያህል መወፈር አለበት። እንግዲህ ግማሽ ሚሊሜትር ለሆነው ላሜራ ደቃቁ ምላጭ እንኳ ብቻውን አይበቃም።

ለዚህ ችግር ቀላል መፍትሔ አለ። ላሜራውን በሁለት ስስ ኮምፔርሳቶ መካከል አድርጋችሁ በሞርሳ ወይም በማጣበቂያ ብረት አጥብቃችሁ እሰሩና እንጨቱንና ብረቱን አንድ ላይ ቁረጡ። እንጨቱ ላሜራውን ከመርገፍገፍ ያድነዋል፤ ምላጩም በአንድ ጊዜ ብዙ ጥርስ ያሳርፋል። ሁለት ኮምፔርሳቶ ከሌላችሁ ላሜራውን ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አስተኝታችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ምንም ሳይታሰር ከመቁረጥ እጅግ ይሻላል።

የዚንክ ጉዳይ

ነጭ ሆኖ የሚያበራው ቆርቆሮ ብረት ብቻ አይደለም። ብረቱ በሁለቱም ፊት በዚንክ ተለብጧል። ዚንክ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ውኃና አየር ብረቱን እንዳይነኩት ይከልላል። ሁለተኛ፣ ብረቱ በተቆረጠበትና በተጫረበት ቦታ አጠገብ ያለው ዚንክ ከብረቱ ቀድሞ በመበላት ብረቱን ከዝገት ያድናል። በመቀስ የተቆረጠ የቆርቆሮ ጠርዝ ቀለም ሳይቀባ ብዙ ዘመን የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ዚንክ ግን ሙቀት አይችልም። በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ብረት የሚቀልጠው ከ1500 ዲግሪ በላይ ነው። በሚያግል መሣሪያ ቆርቆሮ ስንቆርጥ ብረቱ ምንም ያልሆነ ቢመስልም በጠርዙ ላይ ያለው ዚንክ ተቃጥሎ ይጠፋል። ጠባቂው የጠፋበት ብረት ደግሞ በመጀመሪያው ክረምት መዛግ ይጀምራል። ዝገቱ ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይገባል።

በዚህ ላይ ከመሣሪያው የሚወጣው ብልጭታ የጋለ የብረት ብናኝ ስለ ሆነ በቆርቆሮው ፊት ላይ ይጣበቃል። ዝናብ ሲነካው እያንዳንዱ ብናኝ ይዝግና አዲሱ ክዳን በጥቂት ቀን ውስጥ ቀይ ነጠብጣብ የተረጨበት ይመስላል። ስለዚህ የቆርቆሮ ክዳን ጣራ ላይ ከወጣ በኋላ በግራይንደር መቁረጥ ትልቅ ስሕተት ነው።

መሣሪያዎቹ እያንዳንዳቸው

1ኛ፤ ግራይንደርና የመቁረጫ ዲስክ። ይህ በየብረታ ብረት ሱቁ የሚገኝ፣ ዋጋው ከሌሎቹ የሚቀል መሣሪያ ስለ ሆነ ብዙ ሰው የሚገዛው እርሱን ነው። ቱቦላሬ፣ ፌሮ፣ አንግል ብረትና የዛገ ብሎን ለመቁረጥ መልካም ነው። ለዚንክ ቆርቆሮ ግን ከሁሉ የባሰው እርሱ ነው፤ የሚቆርጠው በጥርስ ሳይሆን በፍጭት ስለ ሆነ ብረቱን ያግላል። ሌላ መሣሪያ ጠፍቶ የግድ በእርሱ መሥራት ካለባችሁ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ስስ ዲስክ ምረጡ፤ ከወፍራሙ ዲስክ ያነሰ ያግላል። ቆርቆሮውን መሬት ላይ ቁረጡ፤ ብናኙን በመጥረጊያ አራግፉ፤ ጠርዙን በሞረድ አለስልሳችሁ ዚንክ ያለበት ቀለም ቀቡ።

2ኛ፤ ጂግሶ። ቀጭን ምላጩን ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሰ ይቆርጣል። ለጥ ባለ ላሜራ ላይ ቀጥታም፣ ክብም፣ ቀዳዳም ለማውጣት ይመቻል። የጎተራ አፍ መክፈቻና የቀፎ መክደኛ ለመሥራት ተስማሚ ነው። ሲገዛ ፍጥነቱ የሚጨመርና የሚቀነስ መሆኑን አረጋግጡ፤ ብረት በዝግታ፣ እንጨት በፍጥነት ይቆረጣልና። ምላጩም «ለብረት» የተባለው፣ ጥርሱም በኢንች 32 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ይሁን። ሞገድ ባለው ቆርቆሮ ላይ ግን የመሣሪያው እግር ስለሚንገዋለል አይመችም።

3ኛ፤ የኤሌክትሪክ መቀስ። እንደ እጅ መቀስ በሁለት ስለት መካከል ይቆርጣል። አያግልም፤ ብልጭታም አያወጣም። ለጥ ያለ ላሜራ በብዛት ለሚቆርጥ ማኅበር እጅግ ጥሩ ነው። ብዙዎቹ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ እስኪሆን ድረስ የወፈረ ተራ ብረት ይቆርጣሉ። ሞገድ ላለው ቆርቆሮና ለቱቦላሬ አይሆንም።

4ኛ፤ ኒብለር። ይህ መሣሪያ ብረቱን ጥቂት ጥቂት እየነከሰ መንገድ ያወጣል። ለጥ ያለውንም ሞገድ ያለውንም ቆርቆሮ፣ ቀጥታም ጠማማም ይቆርጣል፤ አያግልም። በትራፓኖ ላይ የሚገጠም ዓይነትም ስላለ ትራፓኖ ያለው ሰው በአነስተኛ ዋጋ ሊያገኘው ይችላል። አንድ ጉድለት አለው፤ የሚጥላቸው ቁርጥራጮች እንደ ጥፍር ጠማማና ሹል ናቸው። በልጆች እግር፣ በከብት ሰኮናና በመኖ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ ሸራ አንጥፋችሁ ሥሩ፤ ሲያልቅም በማግኔት ወይም በመጥረጊያ ሁሉንም ልቀሙ።

5ኛ፤ ብረት የሚቆርጥ ክብ መጋዝ። ጥርሱ ጠንካራ የሆነ ክብ ምላጭ አለው፤ ከእንጨት መጋዝ ይልቅ በዝግታ ይዞራል። ቱቦላሬና ላሜራ በቀጥታ መስመር ንጹሕ አድርጎ ይቆርጣል፤ እንደ ዲስክም አያግልም። ነገር ግን መሣሪያውም ምላጩም ውድ ናቸው። የእንጨት ክብ መጋዝ ያለው ሰው የእንጨቱን ምላጭ እንደ ገጠመ ብረት ልቁረጥ ቢል ጥርሱ ተሰብሮ ሊወረወርበት ይችላል።

6ኛ፤ በመቆሚያ ላይ ያለ ትልቅ የዲስክ መቁረጫ። ዲስኩ 355 ሚሊሜትር ስፋት አለው። በርና መስኮት ለሚሠራ ሱቅ ቱቦላሬና አንግል በልኩ ለመቁረጥ ይጠቅማል። ለቆርቆሮና ለላሜራ ፈጽሞ አይደለም።

የእጅ መቀስ እንዳይዘነጋ

አንድ ቤት ለመክደን ጥቂት ቆርቆሮ ብቻ የሚቆርጥ ገበሬ የኤሌክትሪክ መጋዝ መግዛት አያስፈልገውም። ጥሩ የቆርቆሮ መቀስ ይበቃዋል። የቆርቆሮ መቀስ በሦስት ዓይነት ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ እጀታው ቢጫ የሆነው ለቀጥታ፣ ቀይ የሆነው ወደ ግራ ለመዞር፣ አረንጓዴ የሆነው ወደ ቀኝ ለመዞር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት በሆንዱራስ አገር የብረት ጎተራ ለገበሬዎች ማዳረስ ሲጀመር፣ ጎተራውን ይሠሩ የነበሩት በየመንደሩ የሠለጠኑ ቆርቆሮ ሠሪዎች ሲሆኑ ሥራቸውም በተራ የእጅ መሣሪያ የሚከናወን ነበር።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የብረት ጎተራ ጥቅሙ አየር አለማስገባቱ ነው፤ በደንብ የደረቀ እህል ገብቶበት ሲዘጋ በውስጡ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። ጠርዙ የተቦጨቀ ወይም የተጣመመ ላሜራ ግን መጋጠሚያው አይገጥምም። ዚንኩ የተቃጠለበትም መጋጠሚያ ቶሎ ዝጎ ይበሳል። በዚያ ቀዳዳ አየርና እርጥበት ይገባል፤ ነቀዙም በሕይወት ይኖራል። ዓመት የተደከመበት እህል በአንድ ቀን መጥፎ አቆራረጥ ምክንያት ይጠፋል ማለት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ

በኢትዮጵያ የመብራት ኃይል 220 ቮልት ነው። በአሜሪካ ግን 120 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው መሣሪያ እንዲያው በቤታችን ሶኬት ላይ ቢሰካ ወዲያውኑ ይቃጠላል። ስለዚህ ከመሰካታችሁ በፊት በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 110 ወይም 120 የሚል ከሆነ ለመሣሪያው ዋት የሚበቃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የባትሪ መሣሪያ ከሆነ የሚታየው የባትሪ መሙያው ነው፤ በመሙያው ላይ 100–240 የሚል ከተጻፈበት በአገራችን ያለ ችግር ይሠራል።

በጄኔሬተር የምትጠቀሙ እንደ ሆነ፣ ሞተር ሲነሣ ከወትሮው የበለጠ ኃይል ስለሚስብ የጄኔሬተሩ አቅም ከመሣሪያው ዋት ቢያንስ እጥፍ ይሁን። ረጅምና ቀጭን የመብራት ገመድ ኃይል ይቀንሳል፤ ሞተሩንም ያግላል። የተጠቀለለ ገመድም እንደ ተጠቀለለ አትጠቀሙበት፤ ውስጥ ለውስጥ ግሎ ሊቀልጥ ይችላልና ሙሉ በሙሉ ፍቱት።

መብራት በሌለበት መንደር በ18 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ጂግሶ ወይም ኒብለር ይበቃል። ባትሪው በፀሐይ ኃይል ወይም በአቅራቢያ ከተማ ሊሞላ ይችላል። ስስ ብረት ጥቂት ኃይል ስለሚበቃው የባትሪ መሣሪያ የሚያዋጣው በተለይ ለዚህ ሥራ ነው። ስትገዙ ግን ባትሪው ለብቻው በቅርብ ገበያ መገኘቱን ጠይቁ፤ ባትሪ የማይገኝለት መሣሪያ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዕቃ ቤት ውስጥ ይቀራል።

ማስጠንቀቂያ

ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። የ125 ሚሊሜትር ዲስክ ጠርዝ በዚህ ፍጥነት በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ተሰብሮ የተፈናጠረ ቁራጭ ዓይን ያጠፋል፤ ሰውም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሳታጓድሉ ጠብቁ።

በዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ቁጥር ከመሣሪያው ዙር ማነስ የለበትም። ዲስክ የአገልግሎት ዘመን አለው፤ በመካከሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ ወርና ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል። ጊዜው ያለፈበትን፣ እርጥበት የነካውን ወይም የተሰነጠቀውን ጣሉት። መከለያውን አውልቆ ትልቅ ዲስክ መግጠም ወይም የእንጨት መጋዝ ምላጭ በግራይንደር ላይ ማሰር ሞትን መጥራት ነው።

የዓይን መከላከያ መነጽር ሳታደርጉ አትቁረጡ። ጆሮ መሸፈኛና የቆዳ ጓንትም መልካም ነው። ጋቢ፣ ነጠላና የተንጠለጠለ ሻሽ አውልቁ። ብልጭታ ብዙ ሜትር ርቆ ስለሚሄድ በጭድ ክምር፣ በሣር ቤትና በነዳጅ አጠገብ አትሥሩ፤ ውኃ በባልዲ አዘጋጁ። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣውን ነጭ ጢስ አትተንፍሱ። በዝግ ቤት ውስጥ ብዙ የተነፈሰ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደ ወባ ትኩሳትና ብርድ ይይዘዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበትን በርሜል በግራይንደር አትቁረጡ። በርሜሉ ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ተን በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል። ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜልም ቢቆረጥና ቢታጠብ ለእህል፣ ለውኃም ሆነ ለመኖ አይሆንም።

እንግዲህ የትኛውን እንግዛ?

የራሱን ቤት ብቻ የሚከድን ገበሬ የእጅ መቀስ ይግዛ። ሞገድ ያለውን ቆርቆሮ ደጋግሞ የሚቆርጥ የመንደር አናጢ በትራፓኖ ላይ የሚገጠም ኒብለር ይጨምር። ቀፎና አሸንዳ የሚሠራ ሰው ፍጥነቱ የሚቀያየር ጂግሶና ደቃቅ ምላጭ ይያዝ። የብረት ጎተራ በብዛት የሚሠራ ማኅበር የኤሌክትሪክ መቀስ ቢገዛ ገንዘቡን በሥራ ይመልሳል። በርና መስኮት የሚሠሩ ደግሞ ግራይንደር ወይም የመቆሚያ መቁረጫ ያስፈልጋቸዋል፤ ግን በእርሱ የክዳን ቆርቆሮ አይቁረጡበት። አንድ ገበሬ ብቻውን የማይችለውን መሣሪያ አምስት ወይም ስድስት ሆኖ መግዛትም ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ መሣሪያውን የሚጠብቅና ምላጩን የሚመረምር አንድ ሰው ተለይቶ ይሾም።

ከመክፈላችሁ በፊት ከቤታችሁ ቁራጭ ቆርቆሮ ይዛችሁ ሄዳችሁ በሱቁ ውስጥ አስቆርጡ። ጠርዙ ከተቦጨቀ ወይም ከጠቆረ ሌላ ምላጭ ወይም ሌላ መሣሪያ ጠይቁ።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ከመናገር በዓይን ማሳየት ይሻላል። ከአንድ ቆርቆሮ ሁለት ቁራጭ ውሰዱ። አንዱን በእጅ መቀስ፣ ሁለተኛውን በግራይንደር ቁረጡ። በሁለቱም ላይ የተቆረጡበትን መሣሪያና ቀኑን ጽፋችሁ ክረምት ሳይገባ በጣቢያው አጥር ላይ ስቀሏቸው። በመስከረም ዝናቡ ሲያበቃ ገበሬዎቹን ሰብስቡና ጠርዞቹን በእጃቸው ይዳስሱ። በግራይንደር የተቆረጠው ዝገቱን ራሱ ይናገራል። ይህን ያየ ገበሬ ወደ ሱቅ ሲሄድ «የትኛው ይበረታል?» ብሎ ሳይሆን «የትኛው ቆርቆሮዬን አያቃጥልብኝም?» ብሎ ይጠይቃል።